«አጥንትዎ አይበቃም» ሲባል፦ ከጥርስ ኢምፕላንት በፊት ስለሚደረገው የአጥንት ንቅለ ተከላ

የወለቀ ጥርስን በኢምፕላንት፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚቀበር ብሎን ላይ በሚገጠም ጥርስ፣ መተካት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ስለ ሕክምናው ሰምቶ፣ ዋጋውን አጣርቶ፣ ቆርጦ ወደ ሐኪም ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ግን ያላሰበው ነገር ይነገረዋል። «የመንጋጋዎ አጥንት ሳስቷል፤ መጀመሪያ አጥንት መጨመር አለብን» ይባላል። በዚህች አንድ ንግግር ሕክምናው በወራት ይረዝማል። ወጪውም ከፍ ይላል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ «ይሄ ብር ለመጨመር የመጣ ዘዴ ነው» ይላል። ሌላው አጥንት ሳይጨመር የተተከለ ጥርስ ሁሉ ይወድቃል ብሎ ያስፈራራል። «የላም አጥንት አፌ ውስጥ ሊከቱ ነው» ብሎ የሚደነግጥም አለ። በማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ በአንድ ቀን ሙሉ ጥርስ እንተክላለን የሚል ማስታወቂያ ይዘዋወራል። ታዲያ የአጥንቱ ጉዳይ የት ገባ ብሎ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በእነዚህ አባባሎች ሁሉ ውስጥ የተወሰነ እውነት አለ። የሚጎድላቸው ቁጥር ነው። አጥንት በቃ ወይም አልበቃ የሚባለው ተለክቶ ነው፤ መለኪያውም ሚሊሜትር ነው። የጎደለው የትኛው ቦታ ላይ ነው? ስፋቱ ነው ቁመቱ? በስንት? ይህ ሳይታወቅ ያስፈልጋል አያስፈልግም ብሎ መከራከር የትም አያደርስም።

ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ የት ይሄዳል?

የመንጋጋ አጥንት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዋናው ወፍራም ክፍል ራሱን ችሎ ይኖራል። ጥርሶችን አቅፎ የሚይዘው ጠርዝ ግን የተለየ ነው። በሕክምናው አጠራር አልቪዮላር አጥንት ይባላል። ይህ ጠርዝ የሚኖረው ለጥርስ ነው። ከጥርስ ጋር ያድጋል፤ ጥርሱ ሲነቀል መመናመን ይጀምራል።

የጥርስ ሥር ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ አልተጣበቀም። በመካከላቸው ቀጫጭን የጅማት ክሮች አሉ። ስናኝክ ኃይሉ በክሮቹ በኩል ወደ አጥንቱ ይደርሳል። እዚያው አካባቢ አጥንቱን የሚመግቡ የደም ሥሮች ይገኛሉ። ጥርሱ ሲወጣ ክሮቹም ይጠፋሉ። ከሥሩ ጋር የሚዋሰነው ስስ የአጥንት ንብርብር ምግቡንም ሥራውንም ያጣል። ሰውነት ደግሞ ሥራ የሌለውን አጥንት አያቆይም፤ ቀስ በቀስ አፍርሶ ይወስደዋል።

ጉዳቱ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል አይመጣም። በከንፈርና በጉንጭ በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ በተፈጥሮው ስስ ነው። በፊት ጥርሶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው። የፊት ጥርሱን ያጣ ሰው ድዱ ወደ ውስጥ የገባ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነቱም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ባሉት 6 ወራት የጠርዙ ስፋት ከ29 እስከ 63 በመቶ እንደሚቀንስ በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ አሳይቷል። ቁመቱ በዚያው ጊዜ ከ11 እስከ 22 በመቶ ይቀንሳል። በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በኋላ ጥርሶች አካባቢ ግማሽ ያህሉ ስፋት በ1 ዓመት ውስጥ እንደሚጠፋ አግኝቷል። ከዚህም ሁለት ሦስተኛው የጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነበር። «ጥርሴን አስነቅዬ ጥቂት ዓመት ልቆይና አስተክላለሁ» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ቢያውቀው መልካም ነው።

መነቀል ብቻውን አይደለም አጥንት የሚያጠፋው። የድድ በሽታ ጥርሱ ገና በቦታው እያለ አጥንቱን ይበላል። ለዓመታት መግል የቋጠረ ሥርም ዙሪያውን ይቦረቡራል። አደጋ ግድግዳውን ሊሰብር ይችላል። በልኩ ያልተሠራ ተነቃይ ጥርስ ድድ ላይ እየተጫነ ለረጅም ጊዜ ከተደረገም አጥንቱ መሳሳቱ አይቀርም።

ስንት ሚሊሜትር ነው የሚበቃው?

ኢምፕላንት በአጥንት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ የቲታኒየም ብሎን ነው። ክራውን የሚባለው የሚታየው ጥርስ በላዩ ላይ ይገጠማል። ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ አስገብቶ የደም ዝውውርን ያጠና ነበር። ሥራውን ጨርሶ መሣሪያውን ሊያወጣ ሲሞክር ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አገኘው። በ1965 ይህንኑ በመጀመሪያው ታካሚ መንጋጋ ላይ ተጠቀመበት። ይህ የአጥንትና የቲታኒየም ውሕደት ኦሲዮኢንተግሬሽን ይባላል። ኢምፕላንት የሚቆመው በእሱ ነው፤ ማጣበቂያ የለውም።

ስለዚህ ብሎኑ ዙሪያውን አጥንት ያስፈልገዋል። የተለመደ ኢምፕላንት ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጉንጭ ወይም በከንፈር በኩል ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር አጥንት ቢተርፍ ይመረጣል። በምላስ በኩልም ቢያንስ 1 ሚሊሜትር። ሲደመር ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ስፋት ይሆናል። ከዚያ በታች ሲሆን ብሎኑ አጥንቱን ሰንጥቆ ሊወጣ፣ ወይም ከጊዜ በኋላ በስስ ድድ ሥር ብረቱ ሊታይ ይችላል።

የቁመቱ ጉዳይ ከቦታ ቦታ ይለያል። በታችኛው መንጋጋ ኋላ በኩል ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ ያልፋል። ከእሱ በላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ርቀት ይጠበቃል። በላይኛው መንጋጋ ኋላ በኩል ደግሞ ሳይነስ የሚባል በአየር የተሞላ ክፍተት አለ። ወደ እሱ እንመለሳለን።

እዚህ ላይ ስለ ራጅ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ሁለቱን መንጋጋዎች በአንድ ምስል የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ጠፍጣፋ ምስል ነው። ቁመትን በግምት ያሳያል፤ ውፍረትን ጭራሽ አያሳይም። በራጁ ላይ ግዙፍ የሚመስል አጥንት ከላይ ሲታይ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ ሊሆን ይችላል። ውፍረቱን የሚለካው ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ነው። ጠፍጣፋ ራጅ ብቻ ታይቶ «ስፋቱ አይበቃም» ከተባለ፣ በምን ተለካ ብሎ መጠየቅ የታካሚ መብት ነው። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም። ምስሉን ከፍቶ መስመሩን እየሰመረ ያሳያል።

የሚጨመረው ነገር ከየት ይመጣል?

ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ነገር ነጭ ጥራጥሬ ነው። አንዳንዴ ዱቄት ይመስላል፤ አንዳንዴ ጠጠር ያለ ቁራጭ ነው። ምንጩ ግን አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱም ትልቅ ነው።

የመጀመሪያው የታካሚው የራሱ አጥንት ነው። ከአገጭ፣ ከታችኛው መንጋጋ የኋላ ማዕዘን፣ ብዙ ሲያስፈልግ ደግሞ ከዳሌ ይወሰዳል። ሕያው ሕዋሳትን ይዞ ስለሚመጣ ለብዙ ዘመን እንደ ዋና መለኪያ ሲታይ ኖሯል። ዋጋው ግን ሌላ ቁስል ነው። ከአገጭ የተወሰደበት ሰው የታች የፊት ጥርሶቹ ለወራት ሊደነዝዙት ይችላሉ። የዳሌው በሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መራመድ ያስቸግራል። ደግሞም የራስ አጥንት ስለሆነ አይጠፋም ማለት አይደለም። በተለይ የዳሌው ከመጠኑ የሚታይ ክፍል ሊሟሟ ይችላል።

ሁለተኛው ከሞቱ በኋላ አካላቸው እንዲወሰድ ከተፈቀደ ለጋሾች የሚመጣ የሰው አጥንት ነው። በአጥንት ባንክ ተመርምሮ፣ ታጥቦ፣ በቅዝቃዜ ደርቆ ይዘጋጃል። ሦስተኛው የእንስሳ ነው። በብዛት የከብት፣ አንዳንዴም የአሳማ። ሥጋዊው ክፍል በሙቀትና በኬሚካል ተወግዶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል። አራተኛው በላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። ካልሲየም ፎስፌት ወይም ልዩ የመስታወት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ከማንም አካል አልተወሰደም።

የከብቱ ማዕድን አንድ ጠባይ አለው። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። ከዓመታት በኋላ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥራጥሬው በአዲሱ አጥንት ተከቦ እዚያው ይገኛል። አንዳንድ ሐኪሞች ይህንን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ ቦታው በሙሉ የታካሚው አጥንት አልሆነም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ይላሉ፤ የማይሟሟ በመሆኑ የተገነባው ቅርጽ አይወድቅም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቅርጽ መያዝ ዋናው ጉዳይ በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ በፊት ጥርስ፣ የኋለኛው ክርክር ይበልጥ ያሳምናል።

የምንጩ ጉዳይ ለሃይማኖትና ለሕሊና ጥያቄም በር ይከፍታል። ከአሳማ ወይም ከሰው አካል የተወሰደ ነገር አልቀበልም የሚል ሰው ሌላ አማራጭ አለው፤ ይህን ግን ሊያውቅ የሚችለው ሲነገረው ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት በጥራጥሬው ላይ የሚነጠፈውን ስስ ሽፋን ነው። ጥራጥሬው የላቦራቶሪ ሆኖ በላዩ ላይ የሚደረገው፣ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራው ሽፋን ከአሳማ ወይም ከከብት የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ሁለቱም መሆን አለበት።

በሽታስ ይተላለፋል ወይ? ታጥቦና ደርቆ በሚቀርበው አጥንት ላይ አደጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው። ዜሮ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2021 እና በ2023 በአሜሪካ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከለጋሽ በተገኘ አጥንት ወደ ታካሚዎች መተላለፉ ተረጋግጧል። ያ ምርት ግን ሕያው ሕዋሳትን ይዞ የሚቀርብ ዓይነት ነበር። ሕዋሳቱ እንዳይሞቱ ሲባል ጀርም የሚገድለው ጠንካራ ዝግጅት አይደረግበትም። የጥርስ ሕክምና በብዛት የሚጠቀምበት የደረቀው ዓይነት የተለየ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ማስፈራራት ትክክል አይሆንም፤ ልዩነቱን ሳይናገሩ ማለፍም እንደዚያው።

ጥራጥሬው እንዴት አጥንት ይሆናል?

ብዙ ሰው የተጨመረው ነገር እንደ ሲሚንቶ ደርቆ አጥንት የሚሆን ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አጥንቱን የሚሠራው የታካሚው ሰውነት ነው። ጥራጥሬው ለሐረግ እንደተተከለ ድጋፍ ነው፤ ራሱ አያድግም፣ የሚያድገው ግን በእሱ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል። ከዳር ያለው ሕያው አጥንት የደም ሥር እየላከ፣ ሕዋስ እያሰማራ በጥራጥሬው መካከል ይገባል። ይህ መንገድ የመስጠት ችሎታ ኦስቲዮኮንዳክሽን ይባላል። አራቱም ዓይነቶች አላቸው።

ሕዋሳትን ቀስቅሶ አጥንት እንዲሠሩ የማዘዝ ችሎታ ደግሞ ኦስቲዮኢንዳክሽን ይባላል። በ1965 አሜሪካዊው ሐኪም ማርሻል ዩሪስት ይህንን ያሳየው ከአጥንት ውጪ፣ ጡንቻ ውስጥ አጥንት እንዲያድግ በማድረግ ነበር። ከዚያ በመነሳት የተሠራው ፕሮቲን በ2007 በአሜሪካ ለተወሰኑ የመንጋጋ ሕክምናዎች ተፈቅዷል። ውድ ነው፤ ከባድ እብጠትም ያስከትላል። ለተለመደ ጉድለት አያስፈልግም።

ከታካሚው ደም ተወስዶ በማሽን ተሽከርክሮ የሚዘጋጀው ፒአርኤፍ የሚባለው ነገር አሁን በየማስታወቂያው ይጠቀሳል። ድድ ቶሎ እንዲድን እንደሚያግዝ ጥሩ ምልክቶች አሉ። ብቻውን ትልቅ የአጥንት ጉድለት ይሞላል የሚለው ግን ከማስረጃው ይቀድማል።

የሕክምናው ጥበብ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በቁስሉ ውስጥ ሩጫ አለ። የድድ ሕዋሳት ፈጣን ናቸው፤ የአጥንት ሕዋሳት ቀርፋፋ። ዝም ከተባለ ቦታውን ድድ ይይዘዋል። ለዚህ ነው በጥራጥሬው ላይ ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን የሚነጠፈው። ድዱን ከላይ አግዶ ለአጥንቱ ጊዜ ይገዛለታል። ኮላጅን ከሆነ በራሱ ይሟሟል። ጠንከር ያለ ጉድለት ሲሆን የማይሟሟ ሽፋን ወይም የቲታኒየም መረብ ይደረጋል፤ እነዚህ በኋላ መውጣት አለባቸው።

ከሽፋኑ በተጨማሪ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። ድዱ ያለ ውጥረት ተስቦ መዘጋት አለበት። ከሥሩ ያለውም መነቃነቅ የለበትም። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ በአጥንት ፋንታ ጠባሳ ይሠራል። ሐኪሙ «በዚያ በኩል አያኝኩ፣ ተነቃይ ጥርስዎን አያድርጉ» ሲል የሚጨነቀው ለዚህ ነው። ተሠርቶ የተከሸፈ ንቅለ ተከላ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲጣራ የጥራጥሬው ስም ሳይሆን የተከፈተ ስፌት ነው የሚገኘው። ስለ ምርት ዓይነት የሚደረገው ጭቅጭቅ ሩብ ያህሉ እንኳ ስለ ድድ አዘጋግ ቢሆን ታካሚው በተጠቀመ ነበር።

ሳይነስን ከፍ ማድረግ

ከላይኛው የኋላ ጥርሶች በላይ ያለው ሳይነስ ጥርሶቹ ሲነቀሉ ወደ ታች ይሰፋል። ከታች አጥንቱ ይሟሟል፤ ከላይ ሳይነሱ ይወርዳል። በመጨረሻ 2 እና 3 ሚሊሜትር ብቻ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው ሳይነስ ሊፍት ይባላል። የሳይነሱ ወለል ከ1 ሚሊሜትር በታች ውፍረት ባለው ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሐኪሙ በጎን በኩል ትንሽ መስኮት ከፍቶ ይህን ሽፋን ሳይቀድ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያነሳዋል። ከሥሩ በተፈጠረው ቦታ ጥራጥሬው ይሞላል። ዘዴው በ1970ዎቹ በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን በ1980 በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። የቀረው አጥንት ከ5 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን መስኮት ሳያስፈልግ ኢምፕላንቱ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ሽፋኑን የሚያነሳ ቀለል ያለ ዘዴም አለ።

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር የሽፋኑ መቀደድ ነው። ትንሽ ቀዳዳ በኮላጅን ይሸፈናል። ሰፊ ከሆነ ሥራውን አቁሞ፣ እስኪድን ጠብቆ እንደገና መሞከር ይሻላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አፍንጫን በኃይል መናፈጥ ክልክል ነው። ሲያስነጥስም አፍን ከፍቶ ነው።

አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሽፋኑ ከፍ ብሎ ኢምፕላንት ከሥሩ ሲገባ፣ ምንም ጥራጥሬ ሳይጨመር በረጋው ደም ብቻ አጥንት ሲሠራ ታይቷል። መጠኑ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አጥንት የሚሠራው የተጠበቀ ቦታና ደም ሲያገኝ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ሁሉም ሰው ያስፈልገዋል?

እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥርስ በተነቀለበት ዕለት ጎድጓዳውን መሙላትን እንይ። በጥናት የታየው ስፋቱ የሚቀንሰውን መጠን በ1 ወይም በ2 ሚሊሜትር ያህል ማትረፉን ነው። መመናመኑን ጨርሶ አያስቆምም። ያሉት ማስረጃዎችም ጥራታቸው ዝቅተኛ ነው ተብሎ በተደጋጋሚ ተገምግሟል። ደጋፊዎቹ በፊት ጥርስ ላይ 1 ሚሊሜትር ብዙ ነው ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ተቃዋሚዎቹ ግድግዳው ሙሉ በሆነ የመንጋጋ ጥርስ ጎድጓዳ ውስጥ ተፈጥሮ ራሷ በቂ አጥንት ትሞላለች ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው የግድግዳው ሁኔታ ነው። የፊት ጥርስ ሆኖ ስስ ግድግዳ ካለው ወይም ከተሰበረ መሙላት ምክንያት አለው። ኢምፕላንት ለማስተከል ሐሳቡም ለሌለው ሰው ጎድጓዳ ሁሉ እየተሞላ ማስከፈል ግን ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው።

ሁለተኛው የአጫጭር ኢምፕላንቶች ጉዳይ ነው። ቀድሞ ረጅም ብሎን ይሻላል ስለሚባል ቁመት ለማግኘት ትልልቅ ቀዶ ሕክምና ይደረግ ነበር። ዛሬ 6 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው አሉ። በኋላ ጥርሶች አካባቢ እነዚህን ከአጥንት ጭማሪ በኋላ ከተተከሉ ረጃጅሞች ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች በጥቂት ዓመታት ክትትል የተቀራረበ ውጤት አግኝተዋል። ችግሩም ያነሰ ነው። ጊዜው ሲረዝም የአጫጭሮቹ ውድቀት በመጠኑ ከፍ ሊል እንደሚችል የሚያመለክቱም አሉ። ቢሆንም ከነርቭ በላይ ቁመት መጨመር በመንጋጋ ሕክምና ውስጥ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ያንን የሚያስቀር አማራጭ ካለ መጀመሪያ እሱ መታየት አለበት።

ጥርሱ በሙሉ ለወለቀበት ሰው ደግሞ ኢምፕላንቱን አጋድሞ አጥንት ወዳለበት መትከል ይቻላል። ፖርቱጋላዊው ሐኪም ፓውሎ ማሎ ያስተዋወቀው በአራት ኢምፕላንት ሙሉ መንጋጋ የመሸከም ዘዴ እንዲህ ነው የሚሠራው። የኋለኞቹ ሁለቱ እስከ 45 ዲግሪ ያጋድላሉ። የላይኛው መንጋጋ ጨርሶ ሲያልቅም በጉንጭ አጥንት ውስጥ የሚተከል ረጅም ኢምፕላንት አለ፤ ይህ ግን ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ጥርስ የሚለው ማስታወቂያ መነሻው ይኸው ነው። በዚያ ቀን የሚገጠመው ግን ጊዜያዊ ጥርስ ነው። የመጨረሻው የሚሠራው ከወራት በኋላ ነው፤ አጥንቱ ሲዋሐድ።

በአጎራባች ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላው ብሪጅም ሆነ ተነቃይ ጥርስ ዛሬም ተገቢ አማራጮች ናቸው። በተለይ በሁለቱም በኩል ያሉት ጥርሶች ቀድሞም ክራውን የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ብሪጅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

በሌላ በኩል ንቅለ ተከላን በሙሉ ማጭበርበር አድርጎ መሳል ሰውን ይጎዳል። በአግባቡ በተጨመረ አጥንት ላይ የሚተከል ኢምፕላንት በተፈጥሮ አጥንት ላይ ከሚተከለው ጋር የተቀራረበ ዕድሜ እንዳለው ብዙ ክትትሎች ያሳያሉ። 4 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጠርዝ ላይ 4 ሚሊሜትር ብሎን በግድ ማስገባት ግን ማንንም አያዋጣም።

ማን ይጠንቀቅ?

ሲጋራ የደም ሥርን ያጠባል፤ አዲስ አጥንት ደግሞ ያለ ደም አይሠራም። በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ስፌት የመከፈቱ ዕድል ከፍ ይላል። ያልተስተካከለ የስኳር ሕመም ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፤ በደንብ የተቆጣጠሩት ሰዎች ግን ሊሠራላቸው ይችላል። ያልታከመ የድድ በሽታ ካለ ሁሉም ነገር እሱን አክሞ ነው የሚጀመረው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው መድኃኒት ነው። ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተዛመተ ካንሰር የሚሰጡ እንደ አለንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ ያሉ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው መንጋጋው ሲነካ አጥንቱ ሳይድን ቀርቶ ሊሞት ይችላል። አደጋው በካንሰር ምክንያት በከፍተኛ መጠን በመርፌ ለሚወስዱት ይበልጣል። በሽታው ከአፍ ጋር የማይገናኝ ስለሚመስል ብዙ ሰው ለጥርስ ሐኪሙ አይናገርም። መንገር ያስፈልጋል። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ዴኖሱማብ በድንገት ሲቆም የጀርባ አጥንት ስብራት ሊከተል ይችላል። መንጋጋቸው በካንሰር ምክንያት ጨረር የወሰደ ሰዎችም በተመሳሳይ ጥንቃቄ ነው የሚታዩት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

አብዛኛው ሥራ በአካባቢ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ጥቂት ጥራጥሬ ከአፍ ውስጥ ቢገኝ ሁሉም ፈሰሰ ማለት አይደለም። እብጠቱ ከቀነሰ በኋላ ተመልሶ ከጨመረ፣ መግል ከታየ፣ ስፌቱ ከተከፈተ ወይም ከንፈር ማደንዘዣው ካለቀ በኋላም ደንዝዞ ከቀረ ግን የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም።

የመጠበቂያው ጊዜ እንደ ሥራው ይለያያል። ለጎድጓዳ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ለሳይነስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 9 ወር ይወስዳል። ጉድለቱ ትንሽ ሆኖ ብሎኑ ያለ ጭማሪው ራሱን ችሎ መቆም ከቻለ ሁለቱ በአንድ ቀን ይሠራሉ። ንቅለ ተከላው ቢከሸፍ ብዙውን ጊዜ ጠፋ የሚባለው ጊዜና ገንዘብ ነው፤ ቦታው ጸድቶ ከዳነ በኋላ እንደገና ይሞከራል።

ኢምፕላንት ያሰበ ሰው ሐሳቡን መናገር ያለበት ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ግድግዳውን ሳይሰብር፣ ሥሩን እየከፈለ ለማውጣት ይጠነቀቃል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ደግሞ የሲቲ ምስሉን ቅጂ ይያዝ። የተጨመረው ነገርና የሽፋኑ ስም፣ ምንጭና የምርት ቁጥር በማሸጊያው ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ተጽፎ ይመጣል። አንዱ በታካሚው ካርድ ላይ ሲለጠፍ ሌላውን ለራስ መጠየቅ ይቻላል። አንድ ምርት ችግር ተገኝቶበት ከገበያ ቢሰበሰብ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ያንን ቦታ መክፈት ቢኖርበት፣ በመንጋጋው ውስጥ ምን እንዳለ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው።